ማለዳ የሚበራው መንገድ

እቴነሽ የአባቷን አእምሮ ገበታው ላይ ዘርግታ ሳምቡሳ እየበላች ነበር። ይህ ነውር የሚመስለው ካለ ድሬዳዋ መጥቶ የድር ጥገና ቤቱን አንድ ጠዋት ይጎብኝ፤ እዚያ ሠራተኛው ሁሉ በሰው ጭንቅላት ካርታ ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦ ነው የሚውለው። ገበታ የሚሉት ሰፊ የመስታወት ጠረጴዛ ነው። በሽተኛው ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ጋደም ሲል፣ በአእምሮው ውስጥ የሚመላለሰው ምልክት ሁሉ መስታወቱ ላይ በብርሃን ክር ይሳላል።

«ደግሞ ዘይት አንጠባጠብሽበት» አለች ሙና፣ ከጎኗ ባለው ገበታ የምትሠራው ጓደኛዋ። «የሰው ቢሆን ትጠነቀቂ ነበር።»

«አባቴም ሰው ነው እኮ።»

«እሱን ለአለቃችን ንገሪው።»

ዘመድ ዘመዱን አይጠግንም የሚል ደንብ አለ። ድሬ ላይ ግን ደንብ የሚጻፈው ለእንግዳ ነው። ሙና በራሷ ስም ፈረመች፣ እቴነሽ ሠራች፣ አለቃውም አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ድር የሚሉት ደግሞ ይህን ነው። በአእምሮ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ቦታዎች አንድ ሥራ ሲመጣ አብረው ይነሣሉ፤ አብረው የሚነሡት በአንድ ላይ ድር ይባላሉ። ትዝታ የሚያነሣ ድር አለ። ሥራ የሚያቅድ ድር አለ። «ይህ ነገር ይመለከትሃል፣ ንቃ» የሚል ሌላ ድር አለ። ሰው በአንዱ ብቻ አያስብም፤ ሦስቱ ሲነጋገሩ ነው ሐሳብ የሚመጣው። ካልተነጋገሩ ሰውየው ሁሉም ነገር እያለው ምንም እንደሌለው ይሆናል።

አቶ ደጀኔ እንደዚያ ሆነው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የባቡር ስምሪት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሥራ ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ሳይጋጭ የሚያሳልፉ። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። የአእምሯቸው ክፍሎች ተረፉ፣ በመካከል ያለው መንገድ ተቆረጠ። ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ያውቃሉ፤ ጃንጥላ ምን እንደሚሠራም ያውቃሉ፤ ሁለቱን ግን አያገናኙም፤ ጃንጥላቸውን በብብታቸው እንደያዙ ይበሰብሳሉ። አንድ ቀን ጫማቸውን አጥልቀው ሲያበቁ ሱሪያቸውን በጫማው ላይ ለማስገባት ሲታገሉ እቴነሽ ደረሰች። ያን ቀን ኩሽና ገብታ ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ነው መሻገሪያ የተከለችላቸው። መሻገሪያ ከበሽተኛው ከራሱ ሴል የሚበቅል ክር ነው፤ የተቆረጠው መንገድ ላይ ይዘረጋል፣ ቀስ ብሎም ድሮቹን መልሶ ያገናኛል። አቶ ደጀኔ ነገሩን በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚያወሩት። «ጣቢያዎቹ አሉ» ይላሉ አልጋው ላይ ጋደም እንዳሉ። «ሐዲዱ ነው የተነቀለው። አይደል፣ እቴነሽ?»

«ነው አባባ። ተኛ ዝም ብለህ።» ድሬ ላይ አባትም ቢሆን አንተ ነው የሚባለው፤ ሸዋ የመጣ ሰው ይደነግጣል።

እንግዲህ በቤቱ ውስጥ አንድ የተደበቀ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ብቀጥል ታሪኩ አይገባም። የእቴነሽ ታናሽ ወንድም ናሆም ከምድር በላይ በሚዞረው የፀሐይ መስተዋት ጣቢያ ይሠራ ነበር፤ ለከተሞች ኃይል የሚልከው ጣቢያ ነው። ከአራት ወር በፊት መስተዋት ሊያጸዳ ወጥቶ ማሰሪያው ተላቀቀ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። አክስቷ ወይዘሮ አልጋነሽና የእድሩ ዳኛ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው መከሩ። የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፤ ይዳንና በወጉ ይረዳል ተባለ። የሰው ልጅ ሰማይ ላይ ቤት ሠራ እንጂ መርዶ ዛሬም በእግሩ ነው የሚሄደው። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ተቀምጦ፣ በሽማግሌ አፍ ካልሆነ አይነገርም።

ስለዚህ ወደ አቶ ደጀኔ ቤት የሚገባ ሁሉ እንባውን ደጃፍ ላይ ጠርጎ፣ እየሳቀ ይገባል። ስለ ናሆም ሲጠይቁ «የላይኛው መገናኛ ተበላሽቷል፣ ድምፁ አይገባም» ይሏቸዋል። ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተዉት። ወይዘሮ አልጋነሽ «በሽታው አስረሳው፣ ተመስገን» አሉ። ለክፋት አይደለም። ከፍቅር ነው ይህ ሁሉ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። እቴነሽ ሳምቡሳዋን ያስቀመጠችው ገበታው ላይ ያልጠበቀችውን ስላየች ነው። አባቷ ከጥገና ቤቱ ውጭም የምልክት መቅጃ ቆብ አድርገው ነው የሚውሉት፤ ቆቡ ያመጣውን የሳምንቱን መዝገብ ስትከፍት፣ በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ብርሃን ከትዝታው ድር ይነሣል። በአዲሱ መሻገሪያ ላይ ያልፋል፣ የማንቂያውን ድር ይነካል፣ ወደ ማቀጃው ይዞራል፣ ተመልሶ ትዝታው ጋ ይገባል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲዞር ይቆያል። ከቀን ወደ ቀን ደግሞ እየወፈረ ሄዷል።

«ይኼ ማስተጋባት ነው» አለች ሙናን ጠርታ። መሻገሪያ አንዳንዴ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ በከንቱ ይዞራል፤ ጠጋኞች ማስተጋባት ይሉታል። የታወቀ ብልሽት ነው። ካልተዘጋ መንገዱን ሁሉ ይይዘዋል።

ሙና አየችው። «ወፍራም ነው» አለች ብቻ። «ሰዓቱን ጠብቆ ነው ደግሞ የሚነሣው።»

እቴነሽ ለመዝጋት ገበታውን ነካች። ገበታውም ከመዝጋቱ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀ፦ «በሽተኛው የቅርብ ሐዘን አለበት?»

እጇ አየር ላይ ቀረ። አለበት ብላ ብትጽፍ መዝገቡ ላይ ይገባል። መዝገቡን ደግሞ ነርሶቹ ለበሽተኛው ያነቡለታል፤ መብቱ ነው። እንዲህ ሆኖ መርዶ ሊሰማ ነው፣ በመርፌና በጥጥ መካከል፣ ከማታውቀው ልጅ አፍ? ደግሞስ ያልተነገረው ሰው ምን ሐዘን አለው? የሞተበት እሱ ነው እንጂ ሐዘኑ ገና አልደረሰውም። እንዲህ ነው ያሰበችው። አትፍረዱባት፤ በዚህ አገር የሚኖር ጠጋኝ ሁሉ ያንኑ ነበር የሚጽፈው። «የለበትም» የሚለውን ነካች።

«እንግዲያው ብልሽት ነው» አለ ገበታው። «ይዘጋ?»

«ይዘጋ።»

ብርሃኑ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ከመጋረጃው ወዲያ አቶ ደጀኔ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው አዛጉ።

ሦስት ቀን ቤቱ ደስታ ሆነ። አቶ ደጀኔ ሱሪያቸውን አስቀድመው፣ ጫማቸውን አስከትለው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ብቅ አሉ። እቴነሽ ልትፈትናቸው ወረቀት ላይ አንድ ሐዲድና ሦስት ባቡር ሳለች።

«ይኼኛው ከብት ጭኗል፣ ይኼኛው ሰው፣ ይኼኛው ባዶ ነው። ማን ይቅደም?»

«ከብቱ» አሉ ሳያመነቱ። «ሰው ቢዘገይ ይሳደባል እንጂ አይሞትም። ባዶው የት አባቱ ይሄዳል፣ ይቁም።»

እቴነሽ ሳቀች፤ የእውነት ሳቅ ነበር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። አባቷም አብረው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ እርሳሱን አስቀመጡና «ለመሆኑ ናሆም መቼ ነው የሚወርደው?» አሏት።

ስሙን ከአፋቸው ከሰማች ወራት አልፈው ነበር።

«መገናኛው... ገና አልተሠራም አባባ።»

«ይሠሩታል። ክፍሉን ቀለም ልቀባለት ነው። ድሮም ያን ቢጫ አይወደውም።»

በማግስቱ አረንጓዴ ቀለም ይዘው ገቡ። እያፏጩ ነው የሚቀቡት። ወይዘሮ አልጋነሽ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ፤ ከዚያ ዓይናቸውን አብሰው «እሰይ የኔ ወንድም፣ እጅህ ይባረክ» እያሉ ገቡ። እቴነሽ ያን ቀን ራሷን ጠላች፤ ግን ድኗል ስትል ራሷን አጽናናች። ሌላው ይደርሳል አለች።

በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ አቶ ደጀኔ ግድግዳውን ጨርሰው በሩን ቀብተዋል። በሩን ጨርሰው የመስኮቱን መስታወት እየቀቡ ነበር። ክፍሉ ጨልሟል፤ እሳቸው በደስታ ያፏጫሉ። ጫማቸውን አየች። ሱሪው ከጫማው በላይ ተወጥሮ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተቀዷል።

በማግስቱ ገበታው ላይ ዘረጋቻቸው። መሻገሪያው ጨልሟል። ሦስቱም ድሮች ለየብቻቸው ይበራሉ፤ የሚሻገር ግን የለም። ሙና አጠገቧ መጥታ ቆመች።

ያኔ ነው ጋሽ ዑስማን የመጡት። ጋሽ ዑስማን የድሮ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ከአቶ ደጀኔ ጋር ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ ሲጨቃጨቁ የኖሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«እቴነሽ፣ አባትሽን ምን አገኘው? ማለዳ መምጣቱን ተወ እኮ።»

«የት ነው የሚመጣው?»

«ለገሀር ነዋ። አሮጌው ጣቢያ፣ አግዳሚው ላይ።» ጋሽ ዑስማን ተገረሙ። «አታውቂም? እኔ ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።»

ቤተሰቡ ማለዳ የሚወጡት ሐኪም ያዘዘውን እግር ማፍታቻ ሊራመዱ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። እቴነሽ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም።

«ምን ታደርጋላችሁ እዚያ?»

ጋሽ ዑስማን ወደ መጋረጃው ተመልክተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አትንገራት ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ነገሩ አላማረኝም። ስለ ናሆም ነው የሚያወራኝ። በየቀኑ አንድ ወሬ። ከተወለደባት ቀን ጀምሮ በተራ፣ ዓመት በዓመት፣ አንዱንም ሳይዘል። ጥርስ ያወጣበትን፣ ከደቻቱ ድልድይ ላይ የወደቀበትን። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ደርሰን ነበር ሲቀር።»

እቴነሽ ወደ መጋረጃው ዞረች። «ያውቅ ነበር?»

«ወላሂ ያውቅ ነበር። ማን ነገረህ ስለው ‹ማንም› አለኝ። ‹ሰው ሁሉ እየሳቀ ይገባል። እቴነሽ የወንድሟን ስም መጥራት ተወች። እናታቸው የሞተች ጊዜ እኔም ለልጆቹ እንዲሁ ነበር የሳቅሁት› አለኝ። ‹ልጄ እኔን ለማዳን ስትደክም እያየሁ፣ ማወቄን ነግሬ ሌላ ሸክም አልጨምርባትም። ስድን እነሱ ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ እንደ አዲስ እሰማለሁ› አለ። ታዲያ ምን ልበለው? ዝም ብዬ ሰማሁት።»

ሙና እጇን አፏ ላይ አደረገች። እቴነሽ ግን ገበታውን ነው የምታየው። ዝናብንና ጃንጥላን ማገናኘት ያቃተው ሰው፣ የቤቱን ሳቅና የአንድን ስም ዝምታ አገናኝቶ የልጁን ሞት ደርሶበታል። ብቻውን፣ በጨለመ አእምሮ ውስጥ። በየማለዳው ትዝታውን አንሥቶ፣ ሐዘኑን ነክቶ፣ ዓመት በዓመት አሰልፎ። ያ ብርሃን ማስተጋባት አልነበረም። እሷ የተከለችውን ክር ወደ መንገድ የለወጠው እሱ ነበር፤ ሌላው ሐሳብ ሁሉ፣ ሱሪውም ጫማውም፣ በዚያው ላይ ነበር የሚሻገረው። እሷ በገዛ እጇ ዘጋችው፤ ያወቀውም አብሮት ሄደ።

«ሦስት ቀን ደህና የሆነውስ?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው።

«መንገዱ ባዶ ሲሆን ሌላው ቀለለው» አለች ሙና። «ከዚያ ደግሞ የሚሄድበት ጠፋ። ሰው የማይሄድበት መንገድ ሣር ይበቅልበታል።»

«መልሼ ልክፈተው።»

«መንገዱ ይከፈታል። የሚሄድበትን ግን ገበታው አይሰጠውም፤ ከሰው ነው የሚመጣው። መርዶውን መንገር ነው ያለባችሁ። በቶሎ ደግሞ፤ ክሩ ደርቆ ከሞተ ሌላ መትከል አይቻልም።»

በዚያው ምሽት ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አልጋነሽ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ፤ የሚነገር የለም አሉ።

«አንዴ የተሸከመውን ዳግመኛ ልታሸክሚው? ሁለት ጊዜ ልትገድዪው ነው? እያፏጨ እኮ ነው እቴነሽ። አሁን ደስ ብሎታል።»

«መስኮቱን ቀለም ቀብቶታል፣ አክስቴ።»

«ይቅባ። ቤቱ የሱ ነው።»

«ነገ ደግሞ እኔን አያውቀኝም። ከነገ ወዲያ መብላት ይረሳል።» እቴነሽ ወደ አክስቷ ጠጋ አለች። «ሐዘኑ የሱ ነበር። ደብቆ ነበር የያዘው፣ ለኔ ብሎ። ሳልጠይቀው ወሰድኩበት። እንዲስቅ ብዬ ልጁን ሁለተኛ ልነጥቀው?»

ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው። የእድሩ ዳኛም «እንግዲህ ማለዳ» አሉ።

እቴነሽ ቀድማ ጥገና ቤቱ ሄዳ በአባቷ ቆብ በኩል መንገዱን ከፈተች። ከዚያ ገበታውን ለሙና ትታ ወደ ቤት ሮጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በሩን አንኳኩ። አቶ ደጀኔ ቀለም በነካው ሸሚዝ ወጡ፤ ሰዉን አይተው ፈገግ አሉ።

«ምነው በጠዋቱ? ግቡ፣ ግቡ።»

አስቀመጧቸው። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ደጀኔ፣ ሰው ሆኖ ያልቀመሰው የለም። የሰጠም እሱ፣ የነሣም እሱ...» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ አልሄደላቸውም። አቶ ደጀኔ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ያያሉ፤ ፈገግታው ገና ከፊታቸው አልወረደም። ጋሽ ዑስማን ምርኩዛቸውን ጥለው ፊታቸው ተንበረከኩ።

«ደጀኔ ወንድሜ፣ ናሆም የለም። ልጃችን ሞተ።»

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አቶ ደጀኔ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ፣ ተነሡ፣ «ልጄን» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። ያ ድምፅ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር ይላሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ዑስማን ጓደኛቸውን በሁለት እጅ ይዘው አብረው ይወዛወዛሉ። እቴነሽ ብቻ በሩ አጠገብ ቆማ ውኃ ይዛለች፤ ለሚወድቀው ልትሰጥ፣ የሚነሣውን ልትይዝ። አላለቀሰችም። አባቷን ነው የምታየው፤ ገደልኩት ወይስ አዳንኩት እያለች።

ልቅሶው ጋብ ሲል አቶ ደጀኔ ቀና አሉ። ፊታቸው በእንባ ረጥቧል። ዓይናቸው ግን የሆነ ነገር ፈለገ፤ በሰዉ መካከል ዞረ፣ በሩ ጋ ደረሰና እቴነሽ ላይ ቆመ። ግንባራቸው ተቋጠረ። ድሮ ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ሲመጣባቸው እንዲያ ነበር የሚሆኑት።

«አንቺንስ ማን አረዳሽ?» አሏት።

በአራት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። አባትየውን እንዴት እንሰውረው ሲባል፣ እህትየው እንዴት ሰማች ያለ የለም።

«ማንም አባባ» አለች። «የጣቢያው መልእክት ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስክሪን ላይ አነበብኩት። በሽተኛ ይጠብቀኝ ነበር... ፊቴን ታጠብኩና ገባሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ማታ ደግሞ መጥተሽ ሳቅሽልኝ።»

አቶ ደጀኔ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ አረንጓዴ ቀለም ጉንጫቸው ላይ ቀረ። ተነሥተው በሰዉ መካከል መጡ፣ ውኃውን ከእጇ ተቀብለው ለጎረቤት ሰጡ፣ ክንዷን ይዘው ራሳቸው ተቀምጠውበት በነበረው ቦታ አስቀመጧት። ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እድርተኞቹ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባቸው ነጠላቸውን እንደገና አስተካከሉ፤ የእድሩ ዳኛም ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ከኋላዋ ሄደው ቆሙ።

«ልጄ» አሉ አቶ ደጀኔ፣ ሁለት እጇን ይዘው። «ሰው ሆኖ ያልቀመሰው የለም። አንቺ ብርቱ ነሽ፣ አውቃለሁ። ወንድምሽ ናሆም፣ ያ አብረሽው ያደግሽው...»

ደንቡ በሚለው ሁሉ፣ ምንም ሳይዘሉ፣ ቀስ ብለው ነገሯት። እቴነሽም ያን ጊዜ ሰማች።